ከቀለሙ ሥር ያለው ሻጋታ

ጂዳ፣ በሰኔ ወር መግቢያ

ውድ ወንድሜ ሰዑድ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።

ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው በመጀመሪያ የተቀባዩን ጤና እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። እኔም ያንተንና የባለቤትህን የዋሲላን ጤና ልጠይቅ ብዬ ጀምሬ ነበር፤ እጄ ግን ወደዚያ አልሄድ አለኝ። በቤታችን ውስጥ ጤናዋ ሊጠየቅ የሚገባው እናታችን ናት። የእሷን ጤና ደግሞ አንተን ጠይቄ እውነቱን እንደማላገኝ አሁን ተረድቻለሁ። ስለዚህ ሰላምታዬን በዚህ አሳጥሬ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ።

ነገሩን በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። አንተ ስትቆጣ ድምፅህ ከፍ ይላል፤ እኔ ስቆጣ ድምፄ ይጠፋል፤ ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲህ ነን። ባለፈው ስንነጋገር ልናገረው የፈለግሁትን ሳልናገር ስልኩን ዘጋህብኝ። ወረቀት ላይ ግን ልታቋርጠኝ አትችልም። አብሮኝ የሚሠራው ኸሚስ የሥራ ውሉን ጨርሶ ወደ አገራችን ወደ ሐይቅ ስለሚመለስ በእጁ እንዲያደርስልህ እሰጠዋለሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ መሆኑን አንተው ታውቃለህ፤ ቃላቱ ያልተገጣጠሙበት ቦታ ካለ ታገሰኝ። ሐሳቡ ግን ብዙ የተብሰለሰልኩበት ነው።

በመጀመሪያ እንዴት እንዳወቅሁ ልንገርህ፤ ማንም አላሳበቀብህምና ማንንም እንዳትጠረጥር። አርብ ቀን ከጁምዓ ሶላት ስመለስ ደወልኩ። ሌላ ጊዜ ስልኩን የምትይዘው አንተ ነህ። እናታችንን ከፊት ለፊቱ በር አጠገብ ወንበር ላይ ታስቀምጣታለህ፤ ከኋላዋ ያ አበባ ያለበት መጋረጃ ይታያል፤ አንተ ከስልኩ ጀርባ ትቆማለህ። እኔም መጋረጃውን እያየሁ ቤቱ እንዴት እንደሚያምር እናገራለሁ። የዚያን ቀን ግን አንተ ስልክህን ቤት ረስተህ ዓሣ ልታጠምድ ወደ ሐይቁ ወርደህ ነበር፤ ዋሲላም ገበያ ሄዳለች። ስልኩን ያነሳችው እናታችን ራሷ ናት።

«እማ፣ ስልኩን ወደ ፊትሽ አዙሪው፤ የማየው ጣሪያውን ነው፤» አልኳት።

«ጣሪያውንስ ብታየው ምን አለበት፣ ቆርቆሮው ያንተ አይደል?»

«አንቺን ነው ማየት የፈለግሁት።»

«እኔን ምን ታደርገኛለህ፣ ጥርስ የለኝ። ቆይ፣ ይቺ ናት የምትነካ?»

የነካችው የኋላውን ካሜራ የሚከፍተውን ነበር። ስልኩ በእጇ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲል ከጣሪያው ወርዶ የምትተኛበትን የጓዳውን ክፍል ግድግዳ አሳየኝ። ሰዑድ፣ አንተ በየቀኑ የምታየው ነገር ስለሆነ ምን እንደሚመስል አልዘረዝርልህም ነበር። ነገር ግን በየቀኑ የሚታይ ነገር መታየት እንደሚያቆም አውቃለሁና በእኔ ዓይን እንድታየው እፈልጋለሁ። ከወለሉ ተነስቶ እስከ ሰው ትከሻ ድረስ ጠቁሯል። ጥቁረቱ ክብ ክብ እየሆነ እርስ በርሱ ተያይዟል፤ ዳር ዳሩ አረንጓዴ ነው፤ መሐሉ እንደ ፀጉር ቆሟል። የቀባኸው ሰማያዊ ቀለም ተልጦ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ከአልጋዋ ራስጌ በላይ ደግሞ መረብህ ተሰቅሏል፤ ከሐይቁ እንደወጣ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ።

«እማ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«ያ ጥቁሩ።»

«እሱማ ሻጋታ ነው። አብሽር፣ ዝናብ ሲጀምር ይወጣል፤ በጋ ሲሆን ሰዑድ ቀለም ይቀባበትና ይጠፋል።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከሠርጉ ወዲህ ነዋ።»

ያንተን ሠርግ ማለቷ ነው። ከዚያ ማንም ሰው ቤት ውስጥ ሳይኖር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ወይ ይቺ አፌ። ‘ሀሚድ ከሰማ ይጨነቃል፤ አደራ’ ብሎኝ ነበር እኮ። እኔ አልነገርኩህም፣ እሺ?» አለችኝ።

መልስ ሳልሰጣት ሳል ያዛት። ከዚህ ቀደም ስትስል ስልኩ ይርቅብኝ ነበር፤ ለካ ሆን ብለህ የምታርቀው አንተ ነህ። አሁን ግን ስልኩን የሚይዝላት ስላልነበረ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። የጉንፋን ሳል አይደለም። ከታች ጀምሮ የሚመጣ፣ ሲያበቃም የሚያፏጭ ነው። ሲለቃት ሐኪሙ ምን እንዳለ ጠየቅኳት። ደሴ ወስደሃት እንደነበር፣ «ብርድ ነው፤ መድኃኒት ተሰጥቷታል» ብለህ ነግረኸኝ ነበርና።

«ሐኪሙ ደግ ልጅ ነው፤» አለችኝ። «ደረቴን አዳመጠና፣ ‘እናቴ፣ የሚተኙበት ክፍል እርጥበት አለው? ሻጋታስ አለበት?’ ብሎ ጠየቀኝ።»

«ምን አልሽው?»

«ልናገር ስል ሰዑድ ቀደመኝ። ‘የለበትም፤ ቤታችን አዲስ የስሚንቶ ቤት ነው’ አለው። ታዲያ እኔ ምን ልበል? ልጄን በሰው ፊት ላዋርደው?»

ሰዑድ፣ የግድግዳው ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ግድግዳ ይሻግታል፤ ሰው ይሳሳታል። እኔን የዋሸኸኝም ብቻ ቢሆን ውዬ አድሬ በተቀበልኩት ነበር፤ ሩቅ ካለ ሰው ክፉ ነገር መደበቅ የተለመደ ነውና። ያ ሐኪም ግን አያውቀንም። ቤታችንን አላየውም፤ ወደፊትም አያየውም። በእሱ ፊት ምን ክብር ልታጣ ነበር? እናትህ አጠገብህ ተቀምጣ፣ የሚያሳምማትን ነገር ልትናገር አፏን ስትከፍት፣ ቀድመህ ዘጋህባት። እሱም ቃልህን አምኖ የብርድ መድኃኒት ሰጣት። እሷም መድኃኒቱን ይዛ ወደዚያው ግድግዳ ተመለሰች። ይህን ሥራ ላይ ሆኜ እንኳ አስበዋለሁ።

ስለ ሥራዬ ነግሬህ አላውቅም፤ ጠይቀኸኝም አታውቅም። እዚህ የባሕሩ አየር ወፍራም ነው፤ ማቀዝቀዣው ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ግድግዳው ያልበዋል። ተከራይ ሲለቅ፣ አዲሱ ከመግባቱ በፊት፣ ቤቱን የምናጸዳው እኛ ነን። ሻጋታውን እንፍቃለን፤ እናጥባለን፤ መስኮት ከፍተን እናደርቃለን። ጊዜ ሲያጥር ግን አለቃችን «ቀለም ቀቡበት» ይለናል፤ እንቀባለን። ጥቂት ወራት ይሸፍናል፤ ተመልሶ ሲወጣ እኛ በቦታው የለንም። ልቤ ባይወደውም እንጀራዬ ነው። ያን የሚያደርጉት ግን ለማያውቁት ሰው ነው። አንተ ቀለሙን ልትቀባ አልጋዋን በእጅህ ጎትተሃል፤ ቀብተህ ስትጨርስም መልሰህ ያስጠጋኸው የማን አልጋ እንደሆነ ታውቅ ነበር።

ቤቱ ሲሠራ የተነጋገርነውን ታስታውሳለህ? ጭቃ ቤት እንዴት እንደሚቆም ሁለታችንም ከአባታችን አይተናል። ጭቃው ከጭድ ጋር ቦክቶ ይመረጋል፤ ፀሐይ እየመታው ይሰነጣጠቃል፤ ስንጥቁ እንደገና ይደፈናል፤ ክረምት ያልፍበታል፤ ስሚንቶ የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው። ጎረቤት ሁሉ በደቦ ወጥቶ ሲመርግ ግንቦት ነበር። እኔም ከዚህ ሆኜ፣ «ልስኑ እስከ ጥቅምት ይቆይ፤ ሠርግህን ዳስ ጥለን እናደርገዋለን» አልኩህ። አንተ ግን፣ «ጋሽ ሐሰን ግድግዳውን በእጁ ዳስሶ ‘ደርቋል፤ ልሰነው’ ብሎኛል» አልከኝ። የጋሽ ሐሰንን ስም ስሰማ ክርክሬን አቆምኩ። በሰፈራችን ያለው ቤት ግማሹ የእሳቸው እጅ ያረፈበት ነው፤ የእሳቸውን ቃል ማን ይጠራጠራል?

ከዚያ አርብ በኋላ ለጋሽ ሐሰን ደወልኩላቸው።

«ማን ልበል?»

«ሀሚድ ነኝ ጋሼ፣ የሀውራ ልጅ።»

«ያ ቀጫጫው? ወፍረሃል ይሉኛል፤ ድምፅህ ግን አልወፈረም።»

ስለ ቤተሰባቸው ከጠየቅሁ በኋላ፣ «የቤታችንን ግድግዳ ‘ደርቋል’ ብለው ነበር እንዴ?» አልኳቸው።

«እኔ? እኔማ፣ ‘ይህ ጭቃ ገና የወለደች ላም ነው፤ ይታለባል’ ብዬ ወጣሁ። ሰዑድ ሳቀብኝ። ‘ሠርጉ ደርሷል ጋሼ፤ እንግዳ ጭቃ ግድግዳ ሥር አላስቀምጥም’ አለኝ። ሰንበት ብሎ ከሌላ ቦታ ሠራተኛ አምጥቶ እንዳስለሰነው ሰማሁ። እኔ ከዚያ ወዲህ በዚያ በር አላለፍኩም። ምነው፣ ወረደ እንዴ?»

«አልወረደም፤ ሻገተ።»

«ይሻግታላ። ውሃውን ውስጥ ቆልፋችሁበት በየት ይውጣ?» አሉኝ። እንደ ቀልድ አድርገው ነው የተናገሩት፤ እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

እንግዲህ አስበው። ያልተናገሩትን ቃል በስማቸው ነገርከኝ፤ እኔም ስላከበርኳቸው ዝም አልኩ። ለሠርግህ ቀን የሚያምር ግድግዳ ፈለግህ፤ አገኘኸው። ፎቶውንም ልከህልኝ ነበር፤ አንተ በነጭ ጀለቢያ፣ ዋሲላ በቬሎ፣ ከኋላችሁ ለስላሳው ስሚንቶ። እኔም ፎቶውን እዚህ አብረውኝ ለሚኖሩት ሁሉ አሳይቼ፣ «ወንድሜ ነው፤ ቤቱን የሠራው እሱ ነው» ብዬ ኮርቼብሃለሁ።

ከዚያ ነው አንተ ዘንድ የደወልኩት። የተባባልነውን እዚህ የምጽፈው በኋላ «እንዲህ አላልኩም» እንዳትለኝ ነው።

«አንተ ደግሞ የጂዳ ግድግዳ ሐኪም ሆንክ?» አልከኝ።

«እናቴ እያሳላት ነው ሰዑድ።»

«እናቴ ቤቱ ሳይሠራም ያስላት ነበር። ሻጋታ ማንን ገደለ? አባታችን ያደገው እበት በተለቀለቀ ጎጆ ውስጥ ነው።»

«ያ ጎጆ ይደርቅ ነበር።»

«ስማኝ። አንተ እዚያ ሆነህ ትልካለህ፤ እዚህ በሰው ፊት የምቆመው እኔ ነኝ። ድንጋዩን የተሸከምኩት እኔ፣ ቆርቆሮው ላይ የወጣሁት እኔ። ሰው ግን ሲያልፍ ‘የሀሚድ ቤት’ ነው የሚለው። ታዲያ የሀሚድ ቤት ሻገተ ብዬ ለሀሚድ ልንገረው?»

እዚህ ላይ ልመልስልህ የፈለግሁት ብዙ ነበር፤ አንተ ግን ስልኩን ዘጋህብኝ። አሁን ልመልስልህ። ሰው «የሀሚድ ቤት» እያለ እንደሚጠራው አላውቅም ነበር። ብነግርህ ታምነኛለህ ወይ አላውቅም፤ ስሰማው አፈርኩ። ይህን ቅሬታህን ቀድመህ ብትነግረኝ ኖሮ በስምህ እንዲጠራ የምችለውን ሁሉ አደርግ ነበር። አንተ ግን ቅሬታህን ለእኔ ነግረህ በመገላገል ፈንታ በእናታችን ክፍል ውስጥ አስቀመጥከው።

ልጅ ሆነን፣ አባታችን ከሞተ በኋላ፣ በእርሱ ታንኳ ወደ ሐይቁ መሐል የወጣንበትን ቀን አልረሳሁም። ታንኳዋ ስትገለበጥ በክንድህ አንገቴን ይዘህ፣ «ውሃው ጥልቅ ነው፤ እግርህ መሬት አያገኝም፤ እኔን ብቻ ያዝ» አልከኝ። እንዳልፈራ ብለህ «ጥልቅ አይደለም» አላልከኝም። እውነቱን ስለነገርከኝ አጥብቄ ያዝኩህ፤ ስለያዝኩህም ተረፍኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንተ የነገርከኝን ነገር ሌላ ሰው ጠይቄ አጣርቼ አላውቅም። አሁን ግን ከአፍህ የወጣውን ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሼ መመርመር ጀምሬያለሁ። «እናታችን ደህና ናት» ያልከኝን፣ «በልታለች» ያልከኝን፣ «ተኝታለች» ያልከኝን። እንዲህ እየተጠራጠሩ መኖር እንዴት እንደሚያደክም አታውቅም።

እዚህ ያለ ሰው ሁሉ የሚጽናናበት አንድ ነገር አለው። አንዱ የልጁን ፎቶ ያያል፤ አንዱ የሚመለስበትን ቀን ያስባል። እኔ የምጽናናው፣ ሐይቅ ላይ ሲዘንብ እናቴ ደረቅ ቤት ውስጥ መሆኗን በማሰብ ነበር። ያንን ወሰድክብኝ።

ስልክ ማንሳት ስላቆምክብኝ በማግስቱ ለጎረቤታችን ለእትዬ ለተብርሃን ደወልኩ። እናታችንን እንዲጠሩልኝ ስለምናቸው፣ «ምን አስጠራኝ፤ እዚሁ መደቡ ላይ ጋደም ብላለች» አሉኝ።

«እርስዎ ቤት?»

«ስማ ልጄ፣ እኔ በሰው ትዳርና በሰው ቤት አልገባም። ግን ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ እየመጣች እዚህ ታርፋለች። ‘ምነው ሀውራ፣ ቤት አጣሽ?’ ስላት፣ ‘ያንቺ ቤት ጥሩ አየር አለው’ ትለኛለች። የኔ ቤት እኮ የሚያፈስ አሮጌ ጭቃ ነው። ያፈሳል፤ መልሶ ይደርቃል። እሷን ግን እዚህ ሳል ቀለል ይላታል።»

ከዚያም «ያ ያንተ ክፍልስ እንዴት ነው? ሀውራ ለምን እዚያ አትተኛም?» ብለው ጠየቁኝ።

የትኛው ክፍል እንደሆነ አላወቅሁም ነበር። «የሀሚድ ክፍል» የሚባል ክፍል በቤቱ ውስጥ እንዳለ ከጎረቤት ሰማሁ። በመንገዱ በኩል ያለው፣ ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት ያለው፣ ሰፊ መስኮት ያለው፣ ፀሐይ የሚውልበት ክፍል። አልጋው ከነላስቲኩ ነው አሉኝ። እንግዳ ሲመጣ ከፍተህ፣ «ይህ የወንድሜ ነው» ብለህ አሳይተህ መልሰህ ትቆልፈዋለህ አሉኝ።

እናታችንን በእትዬ ለተብርሃን ስልክ ጠየቅኋት። «የዚያ ክፍል ግድግዳ ሻግቷል?»

«የሱማ ምን ይሻግታል? ደረቅ ነው። እኔ ነኝ የምጠርገው።»

«ታዲያ ለምን እዚያ አልተኛሽም?»

«ልጄ፣ የሙሽራ አልጋ እኮ ነው። ሙሽራው ሳይተኛበት ሌላ ሰው ይተኛበታል? አንተ ሚስት ስታገባ የምትገባበት ነው። እኔ አሮጊቷ ልተኛበትና ላበላሽብህ?»

ይህ የእናቶቻችን ልማድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሷ ከእናቷ የተቀበለችው ነው፤ አልፈርድባትም። አንተ ግን የልማዱን ክብደት ታውቃለህ። «ሀሚድ ፈቅዷል፤ ግቢ» ብትላት ትገባ ነበር። አንድ ቃል ነው። በጋሽ ሐሰን ስም ለእኔ፣ በእናታችን ፈንታ ለሐኪሙ፣ በእኔ ስም ለእንግዳው ሁሉ ስትናገር የኖርክ ሰው፣ ይህችን አንዲት እውነተኛ ቃል በስሜ መናገር አቃተህ። የሚጠቁረው ግድግዳ ለእሷ ሆነ፤ ደረቁ ክፍል በስሜ ተቆለፈ። ከሁሉ በላይ የጎዳኝ ይህ ነው፤ ሳላውቅ በእናቴ ላይ በር የዘጋሁ ሰው አደረግኸኝ።

ስለዚህ የምጽፈውን አንብበህ አድርግ። እንደ ወንድም ምክር ልትቆጥረው ባትፈልግ እንደ እናትህ መድኃኒት ቁጠረው።

ይህ ወረቀት በደረሰህ ቀን ክፍሉን ክፈትላት። ላስቲኩን ከአልጋው ላይ ቀድደህ ጣለው። እኔ ፈቅጃለሁ፤ ኸሚስም ይመሰክራል። እናቴ ባረፈችበት አልጋ ላይ መተኛት የማትወድ ሙሽራ ካለች ለእኔ ሙሽራ አትሆንም። የጓዳውን ፍራሽና በግድግዳው ሥር ያየሁትን የእህል ጆንያ ወደዚያ እንዳታዛውረው፤ ሽታውን ይዞ ይመጣል። ከጆንያው ውስጥ የሻገተ እህል ካለ ለሰውም ለዶሮም አይሰጥ፤ ይቀበር።

መረብህን ሌባ ፈርተህ ቤት እንደምታስገባው ይገባኛል፤ በሰፈሩ ያለ ዓሣ አጥማጅ ሁሉ እንዲያ ያደርጋል። ነገር ግን በየቀኑ አንድ ባልዲ ውሃ አምጥተህ በእናትህ ራስጌ እንደመድፋት ነው። ከደጁ ጣራ ሥር ሽቦ ወጥረህ እዚያ አድርቀው። ከሰረቁህም ይስረቁህ።

ከቤቱ ጀርባ ያለው ተዳፋት ውሃውን በቀጥታ ወደ ግድግዳው ያወርደዋል፤ በጣሪያው ጫፍም አሸንዳ የለም። ሐምሌ ሳይገባ ከጀርባው ቦይ ቆፍረህ ውሃውን ወደ መንገዱ በኩል አዙረው፤ አሸንዳም ይግባለት። ለብርድ ብለህ በላስቲክና በምስማር የዘጋኸውን የጓዳውን መስኮት ክፈተው። ዝናብ በሌለበት ሰዓት ሁሉ ከፊት ለፊቱ በር ጋር አብሮ ይከፈት፤ አየር በአንዱ ገብቶ በሌላው ካልወጣ ዋጋ የለውም። ዋሲላ ልብስ አጥባ እዚያ ክፍል ውስጥ እንዳታሰጣ ንገራት። በሆዷ ያለውም ልጅ ያንኑ አየር ነው የሚጠብቀው።

ሻጋታውን በደረቁ እንዳትጠርገው፤ ይበንና ወደ ደረት ይገባል። አፍና አፍንጫህን በጨርቅ ሸፍነህ፣ በሳሙና ውሃ በራሰ ጨርቅ እያረጠብክ አንሳው፤ ጨርቁንም ጣለው። በረኪና ከተጠቀምክ ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅለው። እዚህ አንድ ባልደረባችን በዝግ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቀላቅሎ ወድቋል፤ አውጥተነው ነው የተረፈ። ከዚህ ሁሉ በኋላም ቢሆን ግድግዳው ውስጡ እርጥብ ከሆነ ሻጋታው እንደሚመለስ እወቅ። ለዚህም ጋሽ ሐሰንን ለምኛቸዋለሁ። ዝናቡ ሲያበቃ ከኸሚስ ጋር መጥተው የስሚንቶውን ልስን ከታች ጀምረው ያነሡታል፤ ጭቃው በጋውን ሙሉ ተገልጦ ፀሐይና ነፋስ ይግባበት፤ ከደረቀ በኋላ በኖራ ብቻ ይቀባ። ሰው ሲያልፍ ፊቱ የተገፈፈ ቤት ያያል፤ ይየው። ማን ሠራው ብለው ከጠየቁህ የፈለግኸውን በል። እሳቸው በር ላይ ሲደርሱ ግን እንዳትመልሳቸው።

የመጨረሻው ነገር የሚከብድህ ነው። እናታችንን ይዘህ ወደዚያው ሐኪም ተመለስ። የምትተኛበት ክፍል ሻግቶ እንደነበር፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ያን ጊዜ ለምን እንዳልተነገረው፣ አንተው በአፍህ ንገረው። እሷ ትንገረው ብለህ እንዳትተዋት፤ ዛሬም በሰው ፊት አታዋርድህም፣ ትሸፍንልሃለች። ኸሚስን አብሯችሁ እንዲሄድ የጠየቅሁት ልሰልልህ አይደለም። ይህን ቃል እንኳ ስጽፍ አፈርኩ፤ ግን ውሸት ይሆንብኛል። አዎ፣ ልሰልልህ ነው። እዚህ አድርሰኸኛል።

ይቅርታ ልትጠይቀኝ ትደውል ይሆናል። አሁን አትደውል። ይቅር ብዬሃለሁ ብልህ እኔም እዋሽሃለሁ፤ በቤታችን ውሸት በዝቷል።

እናታችን ስልክ ከመዝጋቷ በፊት እንዴት እንደምትመርቀኝ ታውቃለህ። ከአያቶቻችን ተነስታ፣ እኔን አልፋ፣ ገና ያልተወለዱ ልጆቼ ጋ እስክትደርስ ድረስ አታቆምም። ትናንት ከእትዬ ለተብርሃን ቤት ስትመርቀኝ፣ «አላህ በሄድክበት...» ብላ ትንፋሽ አጠራት። ጠበቅኋት። ሳሉ ያዛት። ስልኩ ከእጇ ወደ ሌላ እጅ ሲያልፍ ሰማሁ። እትዬ ለተብርሃን ናቸው። የቀረውን ምርቃት፣ እናታችን ከቆመችበት ቃል ጀምረው፣ በቅደም ተከተሉ ጨረሱላት። ለካ በቃላቸው ያውቁታል። «አሜን በል እንጂ» አሉኝ። አሜን አልኩ።

ከእንግዲህ ስለ እናቴ ጤና አንተን አልጠይቅም። በየአርቡ እደውላለሁ፤ ምርቃቷን እሰማለሁ። የት ላይ እንደምትቆም አዳምጣለሁ። ማንም ሳይቀበላት፣ በራሷ ትንፋሽ፣ ልጆቼ ጋ የደረሰች ቀን፣ ስልኩን ለአንተ እንድትሰጥህ እነግራታለሁ። ያን ቀን ወንድሜ ብዬ አናግርሃለሁ። እስከዚያው ደብዳቤውን የምፈርመው በእሷ ስም ነው።

የሀውራ ልጅ፣
ሀሚድ